«ከነገሩ ጾም እደሩ» ለሜዲኬይድ አይሠራም

ሰሞኑን ስለ ሜዲኬይድ፣ ማለትም የአሜሪካ መንግሥት ዝቅተኛ ገቢ ላላቸው ሰዎች ስለሚሰጠው የጤና ሽፋን፣ የተጻፈ አንድ ረጅም ጽሑፍ በቴሌግራምና በዋትስአፕ ሲዞር ከርሟል። ለእኔም ከሜሪላንድም ከዳላስም ደርሶኛል። ግማሹ ላኪ «እውነት ነው እንዴ?» ይላል። ግማሹ ደግሞ «አላልኩህም!» ይላል። ጽሑፉ ጥሩ አማርኛ አለው፤ ቁጥርም ይጠቅሳል። ሰው ያመነውም ለዚህ ይመስለኛል። እኔ ግን ዝም ብዬ ማለፍ ከበደኝ፤ ምክሩን የተከተለ ሰው ይጎዳልና።

መጀመሪያ ጸሐፊው ያሉትን ሳልጨምር ሳልቀንስ ላስቀምጥ። ሜዲኬይድ ሥራ ለሌለው ሰው የተሠራ ነው ይላሉ። የገቢ ጣሪያው በዓመት 21,597 ዶላር ነው፤ ከዚያ በአንድ ዶላር ያለፈ ሁሉን ያጣል፤ ስለዚህ ወይ የሥራ ሰዓት መቀነስ፣ ወይ ባልና ሚስት ታክስ ለየብቻ ማስገባት ይሻላል ይላሉ። ኡበር እየነዳ ሜዲኬይድ የያዘ ሐበሻ ገቢውን የደበቀ ነው። ቤት ያለው ሰው አያገኝም፤ ካገኘም መንግሥት ቤቱን ይወስድበታል፤ ስለዚህ ቤቱን በወንድም ስም ማዞር ነው። ግሪን ካርድ ያለው ሰው ሜዲኬይድ ከነካ ዜግነት አያገኝም፣ ቤተሰብም አያመጣም። በመጨረሻም በ2025 የወጣው አዲስ ሕግ በሩን ስለዘጋው አሁን ማመልከት ድካም ብቻ ነው።

ጸሐፊው ክፉ አስበው የጻፉት አይመስለኝም። ወገን እንዳይጎዳ ብለው ነው። የጽሑፉ መንፈስ «ከነገሩ ጾም እደሩ» ነው፤ ከመንግሥት ወረቀት መራቅ ይሻላል የሚል። አገር ቤት ይህ ምክር ብዙ ጊዜ ያዋጣል። እዚህ ግን አንድ ሰው ለሜዲኬይድ ብቁ ነው ወይስ አይደለም የሚለውን የሚወስነው ስቴቱ ነው፤ ወረቀቱን አይቶ። ይህ ጽሑፍ ሰው ስቴቱ ሳያየው በፊት ራሱን በራሱ እንዲያባርር ያደርጋል።

ዓመቶቹ ሁሉ በፈረንጅ አቆጣጠር ናቸው። የምጠቅሰው የፌዴራል የድህነት መለኪያ (መንግሥት ድሃውን የሚለይበት፣ በቤተሰብ ቁጥር የሚጨምር የዓመት ገቢ መጠን) የ2025ቱ ነው፤ ጸሐፊውም የተጠቀሙት እሱን ስለሆነ። በየዓመቱ መጀመሪያ ላይ ስለሚታደስ የሚያመለክት ሰው የዘመኑን ይይ።

«ለሥራ ፈት ነው»

ይህ አባባል ከየት እንደመጣ ይገባኛል። ፕሬዚዳንት ሊንደን ጆንሰን በ1965 ሜዲኬይድን የአረጋውያን ኢንሹራንስ ከሆነው ከሜዲኬር ጋር ሲፈርሙት፣ የታሰበው ለተወሰኑ ድሆች ነበር፦ ለልጆችና ለአሳዳጊዎቻቸው፣ ለአረጋውያን፣ ለዓይነ ስውራን፣ ለአካል ጉዳተኞች። ልጅ የሌለው ጤነኛ ጎልማሳ፣ የቱንም ያህል ቢደኸይ፣ በአብዛኛው ስቴት በሩ ዝግ ነበር። በ1990ዎቹ የመጡት ታላላቆቻችን የሚያውቁት ሜዲኬይድ ይሄ ነው። በዚያ ዘመን ቢጻፍ የጸሐፊው ነጥብ ለእውነት የቀረበ ይሆን ነበር።

ከ2014 ጀምሮ ግን ነገሩ ተለውጧል። ኦባማ ኬር የምንለው ሕግ ገቢው ከድህነት መለኪያው 138 በመቶ ያልበለጠ ጎልማሳ ሁሉ እንዲገባ ፈቀደ፤ ሜዲኬይድን ማስፋት የሚባለው ይሄ ነው። ያኔ ጥያቄው «ስንት ታገኛለህ?» ሆነ። ኬኤፍኤፍ የተባለው የጤና ፖሊሲ አጥኚ ድርጅት የ2023ን መረጃ አይቶ እንዳወጣው፣ የአካል ጉዳት አበልና ሜዲኬር ከሌላቸው በሥራ ዕድሜ ላይ ካሉ ተጠቃሚዎች ከሦስቱ ሁለቱ ገደማ ይሠራሉ። የምናውቃቸው ሥራዎች ናቸው፤ ፓርኪንግ፣ ሆም ሄልዝ፣ የሆቴል ጽዳት፣ የሱቅ ካሸር። ደመወዙ ትንሽ፣ ኢንሹራንሱ የለም።

«ጣሪያው 21,597 ዶላር ነው»

ቁጥሩ ልክ ነው፤ የማን ጣሪያ እንደሆነ ግን አልተነገረም። ብቻውን የሚኖር፣ ከ65 ዓመት በታች የሆነ ጎልማሳ፣ ሜዲኬይድን ባሰፋ ስቴት ውስጥ ካለ፣ ጣሪያው ይሄ ነው። ለሁለት ሰው ቤተሰብ 29,187 ይሆናል። ለሦስት ሰው 36,777። ለአራት ሰው 44,367።

ይህ በተግባር ምን ማለት እንደሆነ እንይ። ቨርጂኒያ ውስጥ አንድ ሱቅ ላይ ሁለት ሴቶች ጎን ለጎን ይሠራሉ እንበል። ሁለቱም በሰዓት 13 ዶላር፣ በሳምንት 40 ሰዓት። በዓመት 27,040 ዶላር መሆኑ ነው። አንዷ ብቻዋን ትኖራለች፤ ጣሪያውን አልፋለች። ሌላዋ አንድ ልጅ አላት፤ ልጇም እሷም ያገኛሉ። ሥራው ያው፣ ቼኩ ያው። የጸሐፊውን ጽሑፍ ብታነብ ግን ባለልጇም «27 ሺህ ስለማገኝ እኔን አይመለከትም» ብላ ስልኳን ታስቀምጣለች።

የልጆችና የነፍሰ ጡሮች ነገር ደግሞ ጭራሽ አልተነካም። ልጆች ከወላጆቻቸው በጣም የራቀ ጣሪያ አላቸው። ቨርጂኒያ ውስጥ ከድህነት መለኪያው እስከ 205 በመቶ ይደርሳል፤ ለአራት ሰው ቤተሰብ ወደ 65,900 ዶላር። ሜሪላንድ እስከ 322 በመቶ ትሄዳለች፤ ለአራት ሰው ከ103 ሺህ ዶላር በላይ ማለት ነው። ሲልቨር ስፕሪንግ ውስጥ ባልና ሚስት ተጋግዘው በዓመት 90 ሺህ እያገኙ ልጆቻቸው ብቁ ሊሆኑ ይችላሉ። ሜሪላንድ ለነፍሰ ጡር እስከ 264 በመቶ ትፈቅዳለች፤ በሆዷ ያለውም ስለሚቆጠር ብቻዋን የምትኖር ነፍሰ ጡር እንደ ሁለት ሰው ቤተሰብ ትታያለች። ስንት እናት ናት «እኔ አላገኝም» ብላ ለልጇም ሳትጠይቅ የቀረችው?

በተቃራኒው ጽሑፉ ለዳላስ ሰው ከእውነቱ በላይ ተስፋ ይሰጣል። ጠቅላይ ፍርድ ቤቱ በ2012 ሜዲኬይድን ማስፋት የስቴቶች ፈቃድ ነው ብሎ ስለወሰነ፣ 10 ስቴቶች እስካሁን አላሰፉም። ቴክሳስ፣ ጆርጂያና ፍሎሪዳ ከእነሱ ውስጥ ናቸው። ቴክሳስ ላይ አካል ጉዳት የሌለበት፣ ልጅ የማያሳድግ ጎልማሳ ገቢው ዜሮ ቢሆንም አያገኝም። ለወላጆች ያለው ጣሪያም ከድህነት መለኪያው 20 በመቶ እንኳ አይደርስም። ጆርጂያ ከ2023 ጀምሮ በወር 80 ሰዓት ለሚሠራ፣ ገቢውም ከድህነት መለኪያው ላልበለጠ ሰው ጠባብ በር ከፍታለች። ስለዚህ 21,597ን ይዞ ከሜሪላንድ ወደ ሂውስተን የሚዛወር ሰው ቁጥሩን እዚያው ሜሪላንድ ይተወው።

«አንድ ዶላር ካለፈ ሁሉን ያጣል»

እዚህ ላይ ጸሐፊው ግማሽ እውነት ይዘዋል። ለጎልማሳ ጣሪያው በእርግጥም ድንገተኛ ነው። ትናንት ያለ ክፍያ ይታከም የነበረ ሰው ነገ ወርሃዊ ክፍያ ይመጣበታል። ግን «ሁሉን ያጣል» ልክ አይደለም። ሥራው ኢንሹራንስ የማይሰጠው ሰው ከዚያ በኋላ የሚሄደው በድጎማ ወደሚገዛው የማርኬትፕሌስ ኢንሹራንስ ነው። በ2026 ቀመር ገቢው ከጣሪያው ትንሽ ከፍ ያለ ሰው ለመነሻ ሲልቨር ፕላን (ድጎማው ለሚሰላበት መካከለኛ ደረጃ ኢንሹራንስ) የሚጠበቅበት ከገቢው ከ3 እስከ 4 በመቶ ገደማ ነው። 22 ሺህ ዶላር ለሚያገኝ ሰው በወር 65 ዶላር አካባቢ። ያማል፤ ሕይወት የሚያናጋ ግን አይደለም። ከ2021 ጀምሮ የነበረው ተጨማሪ ድጎማ እስከ 2025 መጨረሻ ብቻ የተፈቀደ ስለነበር ከፊቱ ይልቅ መወደዱንም አልክድም።

አሁን «ሰዓት ቀንሱ» የሚለውን ምክር በቁጥር እንየው። 30 ሺህ ዶላር የሚያገኝ ብቸኛ ሰው በዚያው ቀመር ለኢንሹራንሱ በዓመት 1,900 ዶላር ገደማ ይከፍላል። ለሜዲኬይድ ብሎ ሰዓቱን ቀንሶ 21,500 ላይ ቢቆም ግን 8,500 ዶላር ደመወዝ ይቀርበታል። 1,900 ለማዳን 8,500 መጣል! ሐኪም ቤት ሲሄድ ከኪሱ የሚያወጣው ቢጨመር እንኳ፣ ጤነኛ ለሆነ ሰው ሒሳቡ አይመጣም። ከባድ ሕመም ያለበት ሰው ሒሳቡ ሌላ ሊሆን ይችላል፤ ያንን ሰው ግን «ሰዓት ቀንስ» ከማለት በፊት በአካል ጉዳት በኩል ያለውን መንገድ፣ እንዲሁም እንደ ሜሪላንድና ቨርጂኒያ ባሉ ስቴቶች የሕክምና ወጪን ከገቢ ላይ ቀንሶ የሚያስገባውን መንገድ ማሳየት ይቀድማል።

ታክስ ለየብቻ የማስገባቱ ምክርማ ጭራሽ አይሠራም። አብረው የሚኖሩ ባልና ሚስት ታክስ አንድ ላይ አስገቡ፣ ለየብቻ አስገቡ፣ ለሜዲኬይድ አንድ ቤተሰብ ናቸው፤ የሁለቱም ገቢ ይደመራል። ከዚያ ይብስ፣ ለየብቻ ያስገቡ ባልና ሚስት በአብዛኛው የማርኬትፕሌስ ድጎማውን ይከለከላሉ። ምክሩን የሰማ ቤተሰብ ሜዲኬይዱንም ድጎማውንም ሳያገኝ ይቀራል። «በሕግ አትጋቡ» የሚሉም አሉ። የጋራ ልጅ ካላቸውና አንድ ቤት ከሚኖሩ ለልጁ ሲታሰብ የሁለቱም ወላጆች ገቢ ይቆጠራል፤ የጋብቻ ወረቀት ስለሌለ የሚጠፋ ገቢ የለም።

ጽሑፉ የዘለለው ሌላም ነገር አለ። ከ2024 ጀምሮ በሁሉም ስቴት ልጆች አንዴ ከገቡ ለ12 ወራት ይቆያሉ። አባት በመሃል ኦቨርታይም ቢሠራ የልጁ ካርድ አይነጠቅም።

ኡበር የሚነዳው «ሌባ»

ከጽሑፉ ውስጥ በጣም ያስከፋኝ ይሄ ክፍል ነው። ጸሐፊው እንዲህ ይላሉ፦ በኡበርና በሊፍት ሰው በዓመት 60 ሺህ ያገኛል፤ ያ ሰው ሜዲኬይድ ከያዘ ዋሽቷል። ብዙ ሰው ራሱን እየነቀነቀ ያነበበውም ይህንኑ ይመስለኛል።

እስቲ አንድ ሾፌር እንውሰድ። ሚስት አለችው፣ አንድ ልጅ አላቸው፣ አርሊንግተን ይኖራሉ። በዓመቱ መጨረሻ ኡበር የሚልክለት ወረቀት 62 ሺህ ዶላር ይላል። ያ ቁጥር ግን ተሳፋሪው የከፈለው ጠቅላላ ገንዘብ ነው። ኡበር ራሱ የቆረጠው ኮሚሽንና ልዩ ልዩ ክፍያ በዚያ ውስጥ አለ። 17 ሺህ ነው እንበል። ያ ገንዘብ ሾፌሩ እጅ ገብቶ አያውቅም። ቀሪው 45 ሺህ ነው። በዓመቱ ለሥራ 30 ሺህ ማይል ነድቷል። የታክስ መሥሪያ ቤቱ አይአርኤስ ለ2025 የፈቀደው ተቀናሽ በማይል 70 ሳንቲም ነው፤ ስለዚህ ሌላ 21 ሺህ ይቀነሳል። ቀረ 24 ሺህ። በላዩ ላይ የራሱ አሠሪ ስለሆነ ከሚከፍለው የሶሻል ሴኩሪቲና የሜዲኬር ታክስ ግማሹ ይቀነሳል፤ 1,700 ገደማ። ሜዲኬይድ የሚያየው ገቢ ወደ 22,300 ዶላር ነው። ሚስቱ በትርፍ ሰዓት ሥራ 12 ሺህ ብታገኝ ድምሩ 34,300። የሦስት ሰው ጣሪያ 36,777 ነበር። ገብተዋል። አንዲት ሳንቲም ሳይደብቁ።

«ማይሉ የወረቀት ቅናሽ ነው» የሚል አይጠፋም። አይደለም። ቤንዚኑ፣ ዘይቱ፣ ጎማው፣ ኢንሹራንሱ፣ ከሁሉም በላይ የመኪናው ማርጀት በዚያ 70 ሳንቲም ውስጥ ነው። ቶዮታ ካምሪውን በአራት ዓመት ጨርሶ ሌላ የገዛ ሾፌር ይህንን ከማንም በላይ ያውቃል። አንድ ጥንቃቄ ብቻ፦ ማይሉን የቀነሰ ሰው ቤንዚኑን ደግሞ ለብቻ መቀነስ አይችልም፤ የማይል መዝገብም መያዝ አለበት። ቤተሰብ ይዞ ወደ ቤተ ክርስቲያን የተነዳው አይቆጠርም።

የሚደብቅ የለም ወይ? አለ። ካሽ ተቀብሎ የማይናገር፣ ለታክስ አንድ ቁጥር ለሜዲኬይድ ሌላ ቁጥር የሚሰጥ አለ። እሱን ልከላከልለት አልመጣሁም። ስቴቱ የደመወዝና የታክስ መረጃ በኮምፒዩተር ያመሳክራል፤ የተገኘበት ሰው ገንዘቡን መመለስ ብቻ ሳይሆን ሊከሰስም ይችላል። ግን አንዱ ስለዋሸ ጠቅላላ ሾፌር ውሸታም አይባልም። ጸሐፊው 60 ሺህ ያሉት ጠቅላላ ገቢ ነው፤ ጣሪያው የሚለካው ደግሞ በተጣራ ገቢ ነው። ሁለቱን አምታተው ነው ሰው ሌባ ያሉት።

ስለ ገቢ ካነሳን አይቀር፣ ጸሐፊው በአንድ ነገር ሙሉ በሙሉ ልክ ናቸው። «ለእናታችን በየወሩ የምንልከውን ሐዋላ መንግሥት አያይልንም» ብለዋል። እውነት ነው። በወር 300 ዶላር ወደ ጎንደር የሚልክ ሰው ገቢው ላይ አይቀነስለትም። እዚያ ያሉት እናቱም የቤተሰቡ ቁጥር ውስጥ አይገቡም፤ የአሜሪካ ዜጋ ያልሆነ ጥገኛ በታክስ ላይ እንዲገባ ነዋሪነቱ አሜሪካ፣ ካናዳ ወይም ሜክሲኮ መሆን ስላለበት። የእኛን ኑሮ ያላወቀ ሕግ ነው ብሉኝ፣ እስማማለሁ። ዕቁብ ግን በሌላ በኩል ይረዳል። ዕቁብ ሲደርስ የሚወጣው 10 ሺህ ዶላር የራስ ቁጠባና የጓደኞች ብድር እንጂ ገቢ አይደለም። ዕቁብ ወጣልኝ ብሎ ሜዲኬይድ የሚተው ጎልማሳ ያለ ምክንያት ነው የተወው።

ቤቱ

ቤት ያለው አያገኝም የተባለው ለአብዛኛው አንባቢ ስሕተት ነው። ከላይ በጠቀስኳቸው ጣሪያዎች የሚገቡ ጎልማሶች፣ ልጆችና ነፍሰ ጡሮች ስለ ቤት፣ ስለ መኪና፣ ስለ ባንክ ደብተር አይጠየቁም። የንብረት ጣሪያ ያለው 65 ዓመት ለሞላቸውና በአካል ጉዳት ለሚገቡ ነው። እሱም በብዙ ስቴቶች በጣም ጠባብ ነው፤ ለአንድ ሰው 2,000 ዶላር፣ ለባልና ሚስት 3,000። ካሊፎርኒያ በ2024 ይህን አንሥታ ነበር፤ ከ2026 ጀምሮ በ130 ሺህ ዶላር መልሳዋለች። በዚህ ጣሪያ ውስጥም የሚኖሩበት ቤትና አንድ መኪና በአብዛኛው አይቆጠሩም። የዕቁብ ገንዘብ ባንክ ውስጥ ከተቀመጠ ግን ለአረጋዊ ሰው ይቆጠራል፤ እዚህ ላይ ልብ ይባል።

«መንግሥት ቤቱን ይወስዳል» የሚለው ከምንም አልተነሣም። በ1993 የወጣ ሕግ ስቴቶች ከሟች ውርስ ላይ የሕክምና ወጪን እንዲያስመልሱ ያስገድዳል። ግን በዋናነት ዕድሜው 55 ካለፈ በኋላ ነርሲንግ ሆም ለገባ ወይም በቤቱ የረጅም ጊዜ እንክብካቤ ላገኘ ሰው ነው፤ አንዳንድ ስቴቶች ከ55 በኋላ ላለው ሌላ ሕክምናም ይጨምራሉ። የሚጠየቀውም ሰውየው ከሞተ በኋላ ነው፤ የትዳር ጓደኛው በሕይወት ካለ፣ ወይም ከ21 ዓመት በታች የሆነ ወይም አካል ጉዳተኛ ልጅ ካለው አይጠየቅም። የ38 ዓመት ሰው የስኳር መድኃኒቱን በሜዲኬይድ ስለወሰደ ቤቱ አይነካም።

«በወንድምህ ስም አዙር» የሚለው ምክር ግን ከሁሉም አደገኛው ነው። የነርሲንግ ሆም ሜዲኬይድ ሲጠየቅ ስቴቱ የኋላውን 60 ወራት ይመረምራል። በዚያ ጊዜ ውስጥ ያለ ዋጋ የተላለፈ ቤት ካለ፣ ሰውየው ለተወሰነ ጊዜ ሽፋኑን ይከለከላል። ወንድም ቢፋታ ወይም ቢከሰስ ደግሞ ቤቱ የወንድም ነው። ይህን ያህል ነገር በቴሌግራም ምክር ከማድረግ የአረጋውያን ጉዳይ ጠበቃ ማማከር ይሻላል።

ግሪን ካርድና ሜዲኬይድ

እዚህ ጋ ቀስ ልበል፤ ፍርሃቱ እውነተኛ ስለሆነ።

በመጀመሪያ ብዙው ግሪን ካርድ ያዥ የሚያጋጥመው እንቅፋት ጸሐፊው ያነሱት አይደለም። በ1996 የወጣው ሕግ በዲቪ ወይም በቤተሰብ የመጣ ሰው አምስት ዓመት እንዲጠብቅ ያደርጋል። ሜሪላንድ፣ ቨርጂኒያና ዲሲ ግን በ2009 የተሰጠውን አማራጭ ተጠቅመው ለልጆችና ለነፍሰ ጡሮች የአምስት ዓመቱን ጥበቃ አንሥተዋል። በዲቪ በመጣች በስምንተኛ ወሯ ያረገዘች ሴት «አምስት ዓመት አልሞላኝም» ብላ ቤቷ መቀመጥ የለባትም።

ዜግነት የሚለውን እንይ። «ፐብሊክ ቻርጅ» የሚባለው፣ የመንግሥት ሸክም ትሆናለህ የሚለው ምዘና፣ በመሠረቱ ወደ አገር ለመግባት ወይም ግሪን ካርድ ለማግኘት የሚደረግ ነው። ለዜግነት ማመልከቻ መመዘኛ አይደለም። ስደተኛ ሆነው የገቡና ጥገኝነት ያገኙ ሰዎች ግሪን ካርድ ሲጠይቁም ነፃ ናቸው። በ2022 የወጣው ደንብ ደግሞ ተራውን ሜዲኬይድ አይቆጥርም፤ ከሜዲኬይድ በኩል የሚቆጥረው በመንግሥት ወጪ ለረጅም ጊዜ ተቋም ውስጥ መኖርን ነው። ልጅ የተጠቀመውንም በወላጅ ላይ አይቆጥርም።

ቤተሰብ ማምጣትን በተመለከተ ጸሐፊው ምክንያቱን አዛብተዋል። ስፖንሰር የሚሆን ሰው ገቢው ከድህነት መለኪያው 125 በመቶ መድረስ አለበት፤ የሚመጣውም ሰው በቤተሰብ ቁጥር ይገባል። ለሦስት ሰው ቤተሰብ እናትን ለመጨመር በ2025 መለኪያ 40,187 ዶላር ያስፈልጋል። ራሱ በሜዲኬይድ ያለ የሦስት ሰው ቤተሰብ አባት ከ36,777 በታች ስለሆነ ብቻውን አይሞላም። ግን ያስቀረው ገቢው ነው። ካርዱን ቢመልስም ገቢው ያው ነው! መፍትሔው በቂ ገቢ ያለው ተባባሪ ስፖንሰር መፈለግ ነው፤ ሕጉ ይፈቅዳል።

የምቀበለው ደግሞ አለ። መንግሥት በ2025 መጨረሻ ላይ የ2022ቱን ደንብ ለመሻር ሐሳብ አቅርቧል። በዚያው ዓመት የሜዲኬይድ መዝገብ ለኢሚግሬሽን መሥሪያ ቤት መሰጠቱ ፍርድ ቤት ድረስ አድርሷል። በቤቱ ውስጥ ወረቀት የሌለው ሰው ያለበት ቤተሰብ ከማመልከቱ በፊት የኢሚግሬሽን ጠበቃ ቢጠይቅ አልቃወምም። የዜጋ ልጅ ያላቸው፣ ግሪን ካርዳቸው በእጃቸው ያለ ባልና ሚስት ግን በዚህ ፍርሃት ልጃቸውን ሳያስከትቡ የሚቀሩበት ምክንያት አይታየኝም።

ወላጆቻችንን በተመለከተ «እናትህን አምጣና በማግስቱ ሜዲኬይድ ውስጥ አስገባ የሚሉ አሉ» ብለው ጸሐፊው ወቅሰዋል። ወቀሳው ይገባል፤ በማግስቱ የሚባል ነገር የለም። አምስት ዓመት አለ፤ ከዚያም በኋላ እናትየው ዜጋ እስክትሆን ድረስ የስፖንሰሩ ገቢ ሊቆጠርባት ይችላል። 65 ዓመት የሞላትና አምስት ዓመት በግሪን ካርድ የኖረች እናት ሜዲኬርን ከፍላ መግዛት ትችላለች። በ2025 ሙሉ ክፍያው ለሁለቱ ክፍሎች 518 እና 185 ዶላር፣ በወር 703 ነበር። ውድ ነው። እናትን ለማምጣት ያሰበ ሰው ከአውሮፕላን ትኬቱ በፊት ይህን ቢያስብ መልካም ነው።

«አዲሱ ሕግ ዘግቶታል»

በጁላይ 2025 የተፈረመው ሕግ በጣም ያጠብቃል። አልዘጋም። ልዩነቱ ቀኖቹ ላይ ነው።

ከ2027 መጀመሪያ ጀምሮ፣ ሜዲኬይድን ባሰፉ ስቴቶች በዚያ መንገድ የገቡ ከ19 እስከ 64 ዓመት ያሉ ጎልማሶች በወር 80 ሰዓት መሥራታቸውን፣ መማራቸውን ወይም በጎ ፈቃድ መስጠታቸውን ማሳየት አለባቸው። 13 ዓመትና ከዚያ በታች የሆነ ልጅ ያላቸው ወላጆችና በጠና የታመሙ ነፃ ናቸው። ሰዓት ቆጥሮ ማሳየት ለማይመቸው ኡበር ነጂ ሌላ መንገድ አለ፤ በወር 580 ዶላር ገቢ ካሳየ ይበቃዋል። በዚሁ ምድብ ላሉ እድሳቱም በዓመት አንዴ መሆኑ ቀርቶ በየስድስት ወሩ ይሆናል።

የሚያሳስበኝ ሥራው አይደለም፤ ወገናችን ይሠራል። የሚያሳስበኝ ወረቀቱ ነው። አርካንሶ በ2018 ተመሳሳይ ሕግ ሞክራ ፍርድ ቤት እስኪያስቆማት ድረስ በወራት ውስጥ ከ18 ሺህ ሰው በላይ ሽፋኑን አጥቷል። የኮቪድ ጊዜው ጥበቃ በ2023 ሲነሣም በመላ አገሪቱ ከ25 ሚሊዮን በላይ ሰው ከሜዲኬይድ ወጥቷል፤ ከሦስቱ ሁለቱ የወጣው ገቢው አልፎ ሳይሆን ደብዳቤ ሳይመልስ ወይም ሰነድ ሳያሟላ በመቅረቱ ነው። አድራሻ የቀየረ ሰው ለስቴቱ ያሳውቅ። የእንግሊዝኛ ደብዳቤ የሚያስቸግረው ሰው በስልክ አማርኛ አስተርጓሚ ይጠይቅ፤ ነፃ ነው።

ጸሐፊው ያልጻፉት ግን መጻፍ የነበረባቸው ለውጥ አንድ አለ። ከኦክቶበር 1 ቀን 2026 ጀምሮ ስደተኞችና ጥገኝነት ያገኙ ሰዎች ግሪን ካርድ እስኪይዙ ድረስ ከፌዴራሉ ሜዲኬይድ ይወጣሉ። እስከዚያ ድረስ ያለ አምስት ዓመት ጥበቃ ይገቡ የነበሩት እነሱ ናቸው። አሳይለም (ጥገኝነት) አግኝቶ አንድ ዓመት የሞላው፣ የግሪን ካርድ ማመልከቻውን «ገንዘብ ሳገኝ» እያለ ያቆየ ወገን በየሰፈሩ አለ። ለእሱ ይህ ዜና ከ21,597 ዶላሩ ይበልጥበታል።

«ማመልከት ድካም ነው» የሚለውን ደግሞ ጨርሶ ውሸት ነው አልልም፤ ፎርሙ በእርግጥ አሰልቺ ነው። ግን ለሜዲኬይድ ወቅት የለውም፤ በማንኛውም ወር ማመልከት ይቻላል። የተከለከለ ሰው ምክንያቱ የተጻፈበት ደብዳቤ ይደርሰዋል፣ ይግባኝም ይላል። ሽፋን የነበረው ሰው ደብዳቤው የሚለው ቀን ሳይደርስ ይግባኝ ካለ ውሳኔው እስኪሰጥ ሽፋኑ ሊቀጥልለት ይችላል። ከዚህ ሌላ፣ ዛሬ የሚያመለክት ሰው ብቁ ከነበረ ያለፉት ሦስት ወራት የሐኪም ቤት ቢልም በአብዛኛው ስቴት ሊሸፈንለት ይችላል። ከ2027 መጀመሪያ ጀምሮ ይሄ ወደ ሁለት ወር፣ ሜዲኬይድ በሰፋበት መንገድ ለሚገቡ ጎልማሶች ደግሞ ወደ አንድ ወር ይወርዳል። ድንገተኛ ክፍል ገብቶ ቢሉን መሳቢያ ውስጥ ያስቀመጠ ካለ ሦስት ወሩ ሳያልፍ ያመልክት፤ በቅጹ ላይም ያለፉት ወራት ቢል እንዳለበት የሚጠይቀውን ሳጥን ምልክት ማድረግ አይርሳ።